በስሟ የሚፈርመው ማን ነው?

ውል ምን እንደሆነ ለሠራተኛው ወገናችን ማስረዳት ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቆጠራል። ሠራተኛው በፋብሪካም ሆነ በመሥሪያ ቤት፣ በሕንፃ ሥራም ሆነ በእርሻ ድርጅት ሲቀጠር ውሉን አንብቦ ወይም አስነብቦ የሚፈርመው በገዛ እጁ ነው። ደመወዙ ካነሰው ይከራከራል፤ ሁኔታው ካልተስማማው ብዕሩን አስቀምጦ ይወጣል። አንድ ቀን አሠሪው፣ «አንተ እዚያ ቆይ፤ ስለ አንተ የምንዋዋለው ከአጎትህ ጋር ነው» ቢለው ምን ይላል? አጎቱ ደግና አስተዋይ ሰው ሊሆን ይችላል። ተከራክሮ የሚያስገኝለትም ደመወዝ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ያ ውል ሠራተኛው የገባው ውል ሳይሆን በሠራተኛው ላይ የተደረገ ውል መሆኑ አያጠያይቅም።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ጉዳይ ከዚህ ምሳሌ የራቀ አይደለም። የሰው ልጅ በዕድሜው ከሚገባቸው ውሎች ሁሉ የሚከብደው ጋብቻ ነው። ጉልበትንና ሀብትን፣ ማዕድንና መኝታን፣ ልጅ ማሳደግንና እርጅናን በአንድ ላይ የሚያስተሳስር ሌላ ውል የለም። ይህን ታላቅ ውል አካለ መጠን የደረሰች፣ የተማረች፣ ሠርታ የምታድር ሴት በራሷ ፊርማ ብቻ ልትፈጽመው የማትችልባቸው አገሮች ዛሬም አሉ። በእነዚህ አገሮች ስለ እርሷ የሚዋዋለው «ወሊይ» የሚባለው ወንድ ሞግዚቷ ነው። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት በአንድ ቃል ሊጠቃለል ይችላል፤ ጥበቃ። ጥያቄያችንም የሚነሣው ከዚሁ ቃል ነው። የሚጠበቀው ምንድን ነው? የሚጠበቀውስ ለማን ነው? ተጠባቂዋ «አልፈልግም» ልትለው የማትችለው ጥበቃ በእርግጥ ጥበቃ ሊባል ይችላልን?

ሕጉ ምን ይላል?

ለጉዳዩ ጉልህ ምሳሌ የምትሆነን ከቀይ ባሕር ማዶ የምትገኘው ጎረቤታችን ሳዑዲ ዐረቢያ ናት። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 ድረስ በዚያች አገር የቤተሰብን ጉዳይ የሚገዛ፣ በአንቀጽ በአንቀጽ ተለይቶ የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ዳኞች በአብዛኛው የሐንበሊን የሕግ ትምህርት ተከትለው እያንዳንዳቸው እንደ አረዳዳቸው ይፈርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ግን 252 አንቀጾች ያሉት የቤተሰብ ሕግ በንጉሣዊ ድንጋጌ ወጥቶ በዚያው ዓመት በጁን ወር በሥራ ላይ ዋለ።

የሚመሰገነውን ማመስገን ተገቢ ነው። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዳይዳሩ ከልክሏል። ጋብቻው የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ እንደሚጠይቅም ደንግጓል። ከዚህም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ የአገሪቱ ዋና ሙፍቲ ሴትን ያለ ፈቃዷ አስገድዶ መዳር በሃይማኖት የተከለከለ መሆኑን በይፋ አስታውቀው ነበር። በመሆኑም «በሳዑዲ ሴት ልጅ እንደ ዕቃ ትሰጣለች» ብሎ በደፈናው መናገር ከእውነቱ መራቅ ይሆናል።

ችግሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ወንዱ ተጋቢ ስለ ራሱ ይዋዋላል። ሴቲቱን በተመለከተ ግን ውሉን የሚያስረው ወሊይዋ ነው። የወሊዮቹም ተራ በሕጉ ውስጥ በቅደም ተከተል ተቀምጧል። ፊተኛው አባት ነው፤ ቀጥሎ አባት የተናዘዘለት ሰው፣ ከዚያ የአባት አባት፣ ከዚያ የሴቲቱ የገዛ ልጅና የልጅ ልጅ፣ ከዚያ ወንድም፣ የወንድም ልጅ፣ አጎት፤ በመጨረሻም ዳኛው ነው። እናት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም። አባቷና አያቷ የሞቱባት ባልቴት፣ በጀርባዋ አዝላና ጡቷን አጥብታ ያሳደገችው ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ፣ እንደገና ለማግባት ብትፈልግ ውሉን የሚያስርላት ያው ልጇ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ሴቲቱ «እምቢ» የማለት መብት አላት። እሺታዋ ግን ወንድ ካልጨመረበት በቀር ጋብቻ አያቆምም። «እምቢ» ማለት ብቻ የሚችል ሰው ግማሽ ሰው ነው። የቀረበለትን ይመልሳል እንጂ የሚሻውን አይመርጥም።

ሳዑዲ ዐረቢያ በዚህ ረገድ ብቻዋን አይደለችም። በኳታር እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ሴት በወሊይዋ አማካይነት እንድትዳር ያዛል። የኢራን የፍትሐ ብሔር ሕግም ድንግል የሆነች ልጅ አካለ መጠን ብትደርስም እንኳ የአባቷን ወይም የአባቷን አባት ፈቃድ ማግኘት እንዳለባት በአንቀጽ 1043 ይደነግጋል።

ከጥበቃው በስተጀርባ

የሞግዚትነቱ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። «አባት ልጁን ይወዳል፤ ወጣትነት ይታለላል፤ ሸንጋይን ከቅን የሚለየው በዕድሜ የበሰለው ነው» ይላሉ። በእርግጥም አብዛኛው አባት ልጁን ይወዳል። ነገር ግን ሕግ የሚወጣው ለደጉ አባት አይደለም። ደጉ አባት ሕግ ባይኖርም ይመክራል፤ ልጁም ምክሩን ትሰማለች። የሕግ ፋይዳ የሚለካው ክፉው ወይም ስስታሙ አባት በእጁ ሲይዘው በሚያደርገው ነገር ነው።

በተጨባጭ የሚታየውስ ምንድን ነው? ዐረቦች «ዐድል» የሚሉት ነገር አለ። ይኸውም ወሊይ የሆነው ሰው ሴቲቱ የወደደችውንና ለእርሷ የሚመጥነውን ሰው ያለ በቂ ምክንያት እየመለሰ እንዳታገባ መከልከሉ ነው። ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ የጎሣ ኩራት ነው። አንዳንድ ጊዜ ልጂቱን ለአጎቷ ልጅ ለማቆየት ነው። በሳዑዲ ጋዜጦችና ፍርድ ቤቶች ደጋግሞ የተነሣው ሌላው ምክንያት ግን ሠራተኛውን ወገናችንን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ ደመወዝ። አስተማሪ ወይም ነርስ የሆነች ልጁን ደመወዝ በየወሩ የሚቀበል አባት፣ ልጂቱ ባገባች ማግስት ያ ገንዘብ እንደሚቋረጥበት ያውቃል። ስለሆነም አንዱን ጠያቂ «ዘሩ አይታወቅም»፣ ሌላውን «ሥራው አነስተኛ ነው» እያለ ይመልሳል። ዓመቱ ዓመትን ይወልዳል። ጥበቃ የተባለው ነገር ወደ ይዞታነት የሚለወጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ሕጉ ይህን በደል አላየውም ማለት አይቻልም። ወሊዩ ያለ አግባብ ከከለከላት ፍርድ ቤቱ ሥልጣኑን ወደ ሌላ ወሊይ ሊያዛውር ወይም ጋብቻው እንዲፈጸም ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። በወረቀት ላይ ሲታይ መፍትሔ ነው። ነገር ግን መንገዱን እንመርምረው። ሴቲቱ የገዛ አባቷን መክሰስ አለባት። ክሷን መሥርታ ማታ የምትመለሰው ወደዚያው ወደ አባቷ ቤት ነው። አሠሪውን ከስሶ በአሠሪው ግቢ ውስጥ ማደር ምን ማለት እንደሆነ የሠራተኛ ማኅበር መሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ብትረታ እንኳ ሥልጣኑ ከአንድ ወንድ ወደ ሌላ ወንድ ይተላለፋል እንጂ ለእርሷ አይሰጥም።

ተቃርኖው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጎላ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከጁን 2018 ጀምሮ የሳዑዲ ሴት መኪና እንድትነዳ ተፈቅዶላታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ማሻሻያም 21 ዓመት የሞላት ሴት ያለ ሞግዚት ፈቃድ ፓስፖርት የማውጣትና ከአገር የመውጣት መብት አግኝታለች። ሥራ ላይ ያሉና ሥራ የሚፈልጉ ሴቶችም ድርሻ ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል። ሐኪሟ የሰውን ሕይወት በእጇ ይዛ ቀዶ ሕክምና ታደርጋለች፤ የባንክ ባለሙያዋ ከፍተኛ ገንዘብ በፊርማዋ ታንቀሳቅሳለች። የራሷን ጋብቻ ግን በፊርማዋ አታስርም። የአገሩ ኢኮኖሚ የሴቲቱን ጉልበትና ዕውቀት ፈልጎ ከቤት አስወጥቷታል። የቤተሰቡ ሕግ ግን አሁንም ከደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

ጋብቻውም ቢሆን የሞግዚትነቱ ፍጻሜ አይደለም። በዚያው ሕግ መሠረት ባል ሚስቱን የማስተዳደር፣ ሚስትም በአግባቡ የመታዘዝ ግዴታ አለባቸው። ሚስት በቂ ምክንያት ሳይኖራት ወደ ባሏ ቤት አልሄድም ካለች ወይም አብሬህ አልጓዝም ካለች የመተዳደሪያ ገንዘቧን ልታጣ ትችላለች። ባል በቃሉ ይፈታል። ሚስት ግን ወይ መህሯን መልሳ መለያየት፣ ወይ ምክንያቷን አስረድታ ዳኛ ፊት መቆም አለባት። አንዱ እጅ ሲለቃት ሌላው እጅ ይቀበላታል።

በዚህ አጋጣሚ የራሳችንን ልጆች ልንዘነጋ አንችልም። በሳዑዲ ቤቶች ውስጥ በርካታ ኢትዮጵያውያን እኅቶቻችን በቤት ሠራተኝነት ይኖራሉ። እነርሱም «ካፊል» በሚባለው ዋስ አሠሪ ሥር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለውጭ አገር ሠራተኞች አሠሪ የመለወጥና ከአገር የመውጣት ነፃነት የሰጠው ማሻሻያ በሥራ ላይ ሲውል የቤት ሠራተኞችን አላካተተም ነበር። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ የቤቱ ልጅ፣ ሌላዋ የቤቱ ሠራተኛ ናት። ኑሯቸው የሰማይና የምድር ያህል የተለያየ ነው። ያም ሆኖ የሁለቱንም ዕጣ በፊርማው የሚወስነው አንድ ሰው ሊሆን መቻሉን ልብ ይሏል።

ሃይማኖት ወይስ ሥልጣን?

«ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ነውና እጃችሁን አንሡ» የሚሉ አይጠፉም። የሰውን እምነት መንካት ዓላማችን አይደለም። እውነቱን መናገር ግን ግዴታችን ነው። በእስልምና የሕግ ሊቃውንት ዘንድ ይህ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። የማሊኪ፣ የሻፊዒና የሐንበሊ ትምህርቶች ወሊይ የግድ ያስፈልጋል ይላሉ። ከአራቱ የሱኒ መሥራቾች አንዱ የሆኑት ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን አካለ መጠን የደረሰችና አእምሮዋ የተሟላ ሴት የራሷን ኒካሕ ራሷ ማሰር እንደምትችል ያስተማሩት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ወሊዩ የሚቃወመው ባልየው የማይመጥናት እንደሆነ ነው አሉ።

ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ ተዘግቶ አልቀረም። በፓኪስታን አንዲት አካለ መጠን የደረሰች ተማሪ ከአባቷ ፈቃድ ውጭ በማግባቷ አባትየው ጋብቻው እንዲፈርስ ከስሶ ነበር። ልጂቱን የታደጓት የታወቁት የሰብአዊ መብት ጠበቃ አስማ ጃሃንጊር ነበሩ። የላሆር ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ጋብቻው የጸና ነው ብሎ ፈረደ። ቱኒዚያ ደግሞ ነፃነቷን ባገኘችበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1956፣ ባወጣችው የቤተሰብ ሕግ ከአንድ በላይ ማግባትን ከመከልከሏም በላይ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንደሚቆም፣ ወንዱም ሴቲቱም ራሳቸው ወይም በወኪላቸው አማካይነት ሊዋዋሉ እንደሚችሉ ደንግጋለች። እንግዲህ ላሆርም ቱኒስም ያሉት ሙስሊሞች ናቸው። የለየያቸው የሥልጣን ይዞታ እንጂ እምነት አይደለም።

ጣታችንን ወደ አንድ ሃይማኖት ወይም ወደ አንድ የዓለም ክፍል ብንቀስርም እንሳሳታለን። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የናፖሊዮን ሕግ ባል ሚስቱን እንዲጠብቅ፣ ሚስትም ለባሏ እንድትታዘዝ ያዝዝ ነበር። ወላጆች በልጃቸው ጋብቻ ካልተስማሙ የአባት ፈቃድ ብቻ ይበቃ ነበር። በፈረንሳይ ያገባች ሴት ባሏ ሳይቃወማት ሥራ የመያዝ መብቷ በሕግ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በስፔን የባል ፈቃድ የሚባለው ሥርዓት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በየትም አገር ቃሉ አንድ ነው፤ «ጥበቃ»። ዋጋውም በየትም አገር አንድ ነው፤ መታዘዝ።

ያለ ትግል የተገኘ አንቀጽ የለም

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1948 የሰብአዊ መብቶችን ሁለንተናዊ መግለጫ ሲያጸድቅ አገራችን ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። ሳዑዲ ዐረቢያ ድምፅዋን ካቀቡት ስምንቱ ውስጥ ነበረች። ካከራከሯት አንቀጾች መካከል አንዱ በጋብቻ ውስጥ የወንድና የሴት እኩልነትን የሚመለከተው አንቀጽ 16 ነው። ይህ የሚያሳየን አንድ ነገር አለ። በዓለም አቀፍ ሰነድ ላይ የሰፈረ ቃል የሴቲቱን ቤት በር በራሱ አይከፍትም። በሩን የሚከፍቱት የተደራጁ ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ሞሮኮ ሁነኛ ምስክር ናት። ነፃነት በተገኘ ማግስት የወጣው የቤተሰብ ሕጓ «ሙደወና» ሴት ያለ ወሊይ እንዳታገባ ያግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የአገሪቱ ሴቶች ማኅበር ሕጉ እንዲለወጥ አንድ ሚሊዮን ፊርማ ለማሰባሰብ ተነሣ። ልብ እንበል፤ በራሳቸው ጋብቻ ላይ መፈረም የተከለከሉት ሴቶች የለውጡን ጥያቄ በፊርማቸው አቀረቡ። በተከታዩ ዓመት የተገኘው ውጤት ግን ጥቂት ነበር። አባት የሌላት አካለ መጠን የደረሰች ሴት ራሷ እንድትዋዋል ተፈቀደላት። ያባት ልጅ የሆነችው ግን እንደ ታሰረች ቀረች። ትግሉ አላቆመም። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2000 የለውጡ ደጋፊዎች በራባት፣ ተቃዋሚዎች በካዛብላንካ ታላላቅ ሰልፎች አደረጉ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ወሊይነት የሴቲቱ መብት መሆኑንና አካለ መጠን የደረሰች ሴት ጋብቻዋን ራሷ ልትዋዋል ወይም አባቷን ወይም ከዘመዶቿ አንዱን ልትወክል እንደምትችል ደነገገ።

በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ያለውን ቁም ነገር እንመርምር። ዛሬም አባታቸው እንዲዋዋልላቸው የሚወክሉ ብዙ ሞሮካውያን ሴቶች አሉ። ይህ ነውር አይደለም። ልዩነቱ የውክልናና የሞግዚትነት ልዩነት ነው። ወኪል ሥልጣኑን የሚያገኘው ከወከለው ሰው ነው፤ የወከለው ሰው ሲፈልግ ይሽረዋል። ሞግዚት ግን ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሕጉ ነው፤ ተጠባቂዋ ልትሽረው አትችልም። አዲሱ የሞሮኮ ሕግ አባትን ከሠርጉ ቤት አላስወጣም። በልጁ ግብዣ እንዲገባ አደረገ እንጂ።

በሳዑዲ ዐረቢያም ዝምታው የተሰበረው በሴቶቹ በራሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወንድ ሞግዚትነት እንዲቀር የሚጠይቅና ከ14 ሺህ በላይ ፊርማ ያረፈበት አቤቱታ ለንጉሡ ቀርቧል። የተከፈለው ዋጋም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018፣ የመንዳት ክልከላው ሊነሣ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለዚሁ መብት ሲታገሉ የነበሩ ሴቶች ታሰሩ። ከመካከላቸው ሉጀይን አል ሐዝሉል ከእስር የወጣችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ነው። መንግሥት መብቱን «እኔ ሰጠሁ» ለማለት ሲል የጠየቁትን ማሰሩ፣ ሕግ ከላይ ሲወርድ ብቻ እውነተኛ ዋስትና እንደማይሆን ያስረዳል።

ከራሳችን ደጃፍ

የጎረቤትን ጉድ ቆጥሮ የራስን መሸፈን ለማንም አይበጅም። እኛም በዚህ መንገድ አልፈናል፤ ገናም አልጨረስነውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጋብቻ የተጋቢዎቹን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይናገር ነበር። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 581 ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ፣ ወንድ በ18 ዓመቱ እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር። መተጫጨትን የሁለት ቤተሰቦች አባላት የሚያደርጉት ውል ያደርገው ነበር። በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት ሕጋዊ በሆነው ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። በአንቀጽ 644 ደግሞ ባል ሚስቱን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ ግንኙነቷንም ሊከታተልና በአኗኗሯ ሊመራት እንደሚችል ይደነግግ ነበር። ያው «ጥበቃ» የተባለው ቃል በእኛም መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ። የመሬቱ አዋጅ ወጣ፤ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ብዙ ነገር ተገለባበጠ። የቤተሰቡ አለቃ አንቀጽ ግን በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ደነገገ። ከዚያም በሴት የሕግ ባለሙያዎችና በሴቶች ማኅበራት ውትወታ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ወጥቶ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ ባልና ሚስትንም ቤተሰቡን በመምራት እኩል አደረገ። ዘውዱ ከወረደ በኋላ የቤቱ አለቃ እስኪወርድ 25 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። የመንግሥት መለወጥ ብቻውን የቤትን ሥርዓት እንደማይለውጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጠለፋን በተመለከተም እንደዚሁ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ከጠለፋት ሴት ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመ ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ከፍቶለት ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ታርቆ፣ ወንጀሉ በሠርግ ይታጠብ ነበር። ልጂቱን የጠየቃት ማን ነበር? ይህ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው።

ዛሬ ሕጋችን ለአንዲት አካለ መጠን የደረሰች ኢትዮጵያዊት ወሊይ ፈርምላት አይልም። ታዲያ ሁሉም ተፈጽሟል ልንል እንችላለን? አንችልም። በብዙ ቤት ውስጥ ያልተጻፈው ሞግዚት ከተጻፈው ሕግ ይልቅ ጉልበት አለው። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ አባት ይቀበላቸዋል፤ ጥሎሹ፣ ቀኑ፣ የሚጠራው ሰው ብዛት ይወሰናል። ልጂቱ ቡናውን አፍልታ አቅርባ ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆማ ትሰማለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ብሂል የሚነገረው በቀልድ ነው። የሚሠራው ግን በእውነት ነው። ልጂቱ በኋላ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ ትፈርማለች። ነገር ግን ብዕሩ የተሰጣት ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከሆነ ፊርማው የእርሷ ነው፤ ውሳኔው ግን የእርሷ አይደለም።

ሽምግልናን ለማውገዝ አልተነሣንም። ሽማግሌ የሚያስታርቅ፣ የሚመርቅ፣ ሁለት ቤተሰብን የሚያቀራርብ የሕዝባችን ታላቅ ሀብት ነው። የምንለው ሽማግሌ ይመስክር እንጂ አይዋዋል ነው። ወላጅ ይምከር እንጂ አይፈርም ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ይህ ነገር ለሕግ አውጪዎችና ለዳኞች ብቻ የሚተው አይደለም። የቀበሌ ነዋሪው፣ የእድሩ አባል፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተመራጭ እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ለሽምግልና የምንላክ ከሆነ ወደ አባት ከመግባታችን በፊት፣ «ልጂቱ ራሷ ታውቃለችን? ትፈልጋለችን?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ከአማላጅ ሳይሆን ከአንደበቷ፣ ያውም ብቻዋን ሆና እንስማው። በአካባቢያችን የምትዳር ልጅ 18 ዓመት ያልሞላት ከሆነች፣ «የሰው ቤት ጉዳይ ነው» ብለን በሠርጉ ድንኳን ገብተን አንብላ። ለሚመለከተው አካል እናሳውቅ። ከእኛ ጋር የምትሠራ እኅታችን ደመወዟን ማን እንደሚቀበል፣ ማን እንደሚያዝበት ቢያሳስበን ጣልቃ መግባት አይደለም፤ የሠራተኛ ወገንተኝነት ነው። ወደ ዐረብ አገር ለምትሄድ እኅታችን የምትፈርመውን ውል በምታውቀው ቋንቋ እናንብብላት። ያልተነበበ ውል ያልተፈረመ ያህል ነውና።

ከሁሉ በፊት ግን ነገሩ የሚጀመረው በየራሳችን ቤት ነው። ሴት ልጅ ያለን አባቶች ሁሉ ራሳችንን እንጠይቅ። የምንጠብቃት ለእርሷ ነው ወይስ ለክብራችን፣ ለዘመድ ወሬ፣ ለሚመጣው ጥሎሽ? ልጁን በእውነት የጠበቀ አባት፣ ነገሩን መርምራ «እሺ» ወይም «እምቢ» ለማለት የምትበቃ ሴት ያሳድጋል። ያን ቀን የእርሱ ፊርማ አያስፈልጋትም፤ ምርቃቱ ግን ያስፈልጋታል። ምርቃት ደግሞ ማንም ሕግ አስገድዶ ሊያሰጥ፣ ማንም ሕግ ከልክሎ ሊያስቀር የማይችለው የአባት እውነተኛ ድርሻ ነው።

በሪያድም ሆነ በራባት፣ በአዲስ አበባም ሆነ በገጠር ጎጆ ጥያቄው አንድ ነው። ጋብቻ ውል ከሆነ በስሟ የምትፈርመው ራሷ ትሁን፤ ብዕሩም የሚሰጣት ነገሩ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ይሁን።